የሐጅ ዩሱፏ ጾመኛ

ከኻርቱሙ ጦርነት አምልጬ ገዳሪፍ ደርሼ ስልኬ ኔትወርክ እንደያዘ መጀመሪያ የደወልኩት ለእናቴ አይደለም። ጋይንት ላለችው ለእትዬ የሺ ታናሽ እህት ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በጠዋት በር ተንኳኩቶ ነው ሰው የሚረዳው። አውቃለሁ። ግን ማንን ሰብስቤ የማንን በር ላንኳኳ? «እትዬ የሺ አርፋለች» አልኳት፣ እንዲሁ ደረቁን። ጮኸች። ጩኸቷ እስኪወጣላት ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ያዝኩት። መቃብሩ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። መካነ መቃብር መድረስ ስላልተቻለ ግቢያችን ውስጥ፣ ኒም ዛፉ ስር እንደቀበርናት ነገርኳት። ከዚያ ድምፅዋ ድንገት ቀዘቀዘ።

«በረሃብ ነው እንዴ?»

«አይደለም» አልኳት። መልሼ ደግሞ «አላውቅም» አልኩ።

ዘጋችብኝ። አልፈርድባትም። አብራት የነበረች ነርስ አሟሟቷን ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው? የማውቀውማ አለኝ። ስልክ ላይ በሁለት ቃል የሚባል ስላልሆነ ነው።

እትዬ የሺ ኻርቱም ውስጥ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኔና ከእናቴ ጋር አንድ ግቢ የምትኖር ሴት ነበረች። የምትሠራው ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ነው፣ የአንድ ቤተሰብ ወጥ ቤት ውስጥ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ። ሐሙስ ማታ በረክሻ፣ በባጃጅ ማለቴ ነው፣ ትመጣለች፣ ዓርብ ታስቀድሳለች፣ ዓርብ ማታ ትመለሳለች። ኻርቱም ቤተ ክርስቲያን የሚሞላው ዓርብ ነው፤ እሑድማ ሁሉም የሰው ቤት እያጠበ ነው። ባሏ ሊቢያ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ ቀርቷል። ሞተ ብላ አታውቅም። «በረሃ ላይ ነው» ነው የምትለው፣ ዛሬም እየሄደ እንዳለ ሰው። ልጅ አልወለደችም።

ቅድስት ነበረች ልል አይደለም። ቅዱስ የሚባል ሰው እኔን አይመቸኝም፣ እሷም ብትሰማኝ ትስቅብኛለች። አፏ እሬት ነው። ሐሜት ትወዳለች። ፀጉሯን ሒና ተቀብታ «ተፈጥሮዬ ነው» ብላ ትምላለች። ስትጸልይ እንኳ ዝም ብላ አትጸልይም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ፣ በጣቷ እየቆጠረች «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትል ጎረቤታችን ሐጃ ሳዕዲያ ከግንቡ ማዶ በዐረብኛ ትጮሃለች።

«ያ የሺ! ከሰል አለሽ?»

«ዐሥራ ሰባት! አለኝ፣ ነይ ውሰጂ! እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ...»

«እትዬ፣ እግዜር ከሰል የምትሸጪለት አይመስለውም?» እላታለሁ።

«ዝም በይ፣ አረብ ያሳደጋት! ጆሮው እንዳንቺ ጠባብ መሰለሽ? ሁለታችንንም ይሰማል።»

አረብ ያሳደጋት የምትለኝ «አንቱ» ማለት ስለማልችል ነው። ኻርቱም የተወለደ ሰው አማርኛው እንደ እኔ ነው፣ ሁሉም «አንቺ» ነው። መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፣ በኋላ ተወችኝ።

ካፉሪ ከሥራ ቤቷ ጀርባ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ አንዲት ክፍል ነበረቻት። አንድ ጊዜ ዕቃ ላደርስላት ሄጄ አይቻታለሁ። አልጋ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ ቀሚስ፣ የማርያም ሥዕል፣ በቃ። መስኮት የላትም። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ እሷ ከጠዋት ጀምሮ ለሠላሳ እንግዳ ሥጋ ስትጠብስ ቆይታ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደረቅ ዳቦ በቲማቲም ይዛ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ተናደድኩ።

«ማን ያይሻል? ማን ያውቅልሻል? ብትበዪ ምን ይልሻል?»

«ማንም አያየኝም» አለች እያኘከች። «ለዛ እኮ ነው። እዚህ ቤት ሠላሳ ሰው ይበላል፣ አንዱም የኔ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ግን እህቴም ጾማለች፣ ጎረቤቶቿም ጾመዋል፣ አገሩ በሞላ ዘጠኝ ሰዓት እየጠበቀ ነው። እኔም አብሬ እጠብቃለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻዬን አይደለሁም።»

ያን ቀን አልገባኝም። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ወጣሁ።

ጦርነቱ የጀመረው ቅዳም ሹር ነው። እኔ ነርሲንግ ጨርሼ ዲግሪዬን የምቀበልበትን ቀን እጠብቅ ነበር፣ እስካሁንም እየጠበቅኩ ነው። እናቴ ለወንድሟ ለቅሶ ጎንደር ሄዳለች። እትዬ የሺ ለፋሲካ ፈቃድ ወስዳ ሁለት ዶሮ እግራቸውን አስራ መጥታለች። ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ተቀደደ። በማግስቱ ፋሲካ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አይታሰብም። አውሮፕላን ቤቱን እያንቀጠቀጠው ዶሮውን ሠራችው። ሐጃ ሳዕዲያ ረመዷኗን እንደያዘች፣ የልጅ ልጆቿን ይዛ እኛ ግቢ ገብታ ግድግዳ ስር ተኮልኩላለች።

«እንኳን አደረሰሽ!» ትለኛለች እትዬ የሺ። በጩኸቱ አልሰማኋትም።

«ምን?»

«እንኳን አደረሰሽ!»

«ምን?»

«ጌታ ተነስቷል ነው የምልሽ፣ ደንቆሮ!»

ሐጃ ሳዕዲያ እንኳ በዛ ፍርሃት መሀል ሳቀች። ዶሮውን የሐጃ የልጅ ልጆች በሉት፤ እኛ አልቀመስነውም።

በሁለት ሳምንት ያልቃል ተባለ። አላለቀም። የካፉሪ አሠሪዎቿ ካይሮ ገቡ፣ ቤታቸው ውስጥ ታጣቂ ገባበት። ጉልበትና ብር ያለው ወጣ። እትዬ የሺ ስኳር አለባት፣ እግሯ ያብጣል፣ ከሽንት ቤት እስከ አልጋ እንኳ ሁለቴ ነው የምታርፈው። በየቀኑ «አንቺ ሂጂ» ትለኛለች፣ በየቀኑ «ዝም በይ» እላታለሁ። ጨዋታችን እሱ ሆነ።

ምግቡ እያለቀ መጣ። የሰፈሩ ወጣቶች ተኪያ የሚሉትን ነገር ጀመሩ፤ በትልቅ ብረት ድስት ምስር ወይ ፉል ቀቅለው ለመጣው ሁሉ በነጻ ያድላሉ። ቀትር ላይ ሳህንሽን ይዘሽ ትሰለፊያለሽ፣ ለሰው አንድ ጭልፋ ነው። አንዳንድ ቀን አለ። አንዳንድ ቀን እሳቱ ራሱ አይነድም።

«እትዬ፣ ርቦኛል» አልኳት በአንዱ እሳት ባልነደደበት ቀን።

«ርቦኛል አትበይ። ጾሜያለሁ በይ።»

«ምን ለውጥ አለው? ሆዴ ቋንቋ አይሰማም።»

«ርቦኛል ስትይ እነዚህ መሣሪያ የያዙት ናቸው ያስራቡሽ። የረሃቡ ባለቤቶች እነሱ ናቸው። ጾሜያለሁ ስትይ ግን ለእግዜር የሰጠሽው ነው፣ ማንም አልቀማሽም።»

«ይሄ ራስን ማታለል ነው።»

«አንቺስ ራስሽን ሳታታልዪ ጠገብሽ?»

 ያን ቀን አኩርፌያት ዋልኩ።

ቀጥሎ ዓቢይ ጾም መጣ፣ ማለቴ እኛ መጣ አልን። ኔትወርክ ድርግም ብሎ ጠፍቷል። የንስሐ አባቷ አባ ተስፋ ከሸሸ ቆይቷል፣ ገዳሪፍ ነው ይባላል። ጾሙ መቼ እንደሚገባ የሚነግረን ሰው የለም። እንደ ገና በዓል ቁርጥ ያለ ቀን የለውም፣ በየዓመቱ ይሸሻል ይቀርባል። እትዬ የሺ ስታስብ ከረመችና አንድ ጠዋት መላ አገኘች።

«አምና ሐጃ ረመዷን ስትይዝ እኛ ጾም ከያዝን ወር ሆኖን ነበር። አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ረመዷን ሊገባ ወር ሲቀረው እንገባለን። ሐጃ የራሷን አትስትም።»

እንዴት ያለ ብልህ ነገር ነው አልኩ! ረመዷንም በየዓመቱ እንደሚንቀሳቀስ ሁለታችንም ረሳነው። የሚሄድን ሰው በሌላ በሚሄድ ሰው መለካት ነው። ሐጃን ጠየቅናት፣ ቀኑን ነገረችን፣ ወር ቀንሰን ጀመርን። እትዬ የሺ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ አትቀምስም። ቀትር የመጣችውን ምስር ሳህኑን በክዳን ሸፍና እያየችው ትቀመጣለች፣ ፀሐይዋ የግንቡ ጥላ ጋ እስክትደርስ። እኔ የራሴን ቆሜ ነው የምውጠው።

ሳምንታት አለፉ። አንድ እሑድ የሰፈራችን ገበያ ውስጥ አንድ ሰውዬ የሳተላይት ኢንተርኔት ተክሏል ተብሎ ሄድኩ። እናቴን አገኘኋት። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት «ምን እየበላችሁ ነው?» አለች።

«ጾም ላይ ነን እኮ።»

«የምን ጾም? ዛሬ ቅበላ ነው! ጾሙ ነገ ነው የሚገባው።»

ገበያው መሀል ሳቅኩ። እንዴት አድርጌ እንደሳቅኩ! አንድ ጠመንጃ የያዘ ልጅ ዞሮ አየኝ። እትዬ ስትከለከል የከረመችው፣ በክዳን ሸፍና ስታይ የከረመችው ሁሉ ለካ ጾም አልነበረም። ወደ ቤት ስሮጥ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ አሁን ትተወዋለች፣ ስህተት እንደሆነ ካወቀች ትበላለች።

«የምሥራች እትዬ! ተሳስተናል! ጾሙ ገና አልገባም፣ ዛሬ ቅበላ ነው!»

አልሳቀችም። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ሲወድቅ አየሁት።

«ብቻዬን ነበርኩ በዪኛ» አለች።

«ምን?»

«ይሄን ሁሉ ቀን። ሁሉም አብሮኝ የሚጠብቅ መስሎኝ። እነሱ ለካ ይበሉ ነበር።»

«እኔስ? እኔ አልጾምኩም አብሬሽ?»

«አንቺማ ርቦሽ ነው።»

ይሄን ስትል ትንሽ ሳቅ አለች፣ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶታል። ባሏ የቀረ ጊዜ እንዴት እንደነበረች አላየሁም፣ አልተወለድኩም። እንደዚህ ሳትሆን አትቀርም። በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠርጋ፦

«በይ ይሁን። ነገ ከሰው ጋር እንጀምራለን» አለች።

«እብድ ነሽ? ወር ሙሉ ጾመሽ እንደገና?»

«ያ እኮ አልተቆጠረም።»

በማግስቱ ረመዷንም ገባ፣ ያው ሰኞ፣ ያው ጠዋት። እንዲህ ይገጥማል ብሎ ማን አሰበ! ሐጃ ሳዕዲያ በግንቡ ላይ «ያ የሺ፣ ረመዳን ከሪም!» ስትል እትዬ የሺ አልጋዋ ላይ ሆና «እኛም ዛሬ ነው ሐጃ! እኛም ዛሬ ነው!» እያለች ጮኸች፣ ሰርግ እንደተጠራ ሰው። በዚያ ዓመት እንደዛ ስትደሰት ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወደቀች። እየጸለየች ነበር። ድምፅዋ ተቋረጠ፣ ስገባ መሬት ላይ ናት፣ ላብ አስጥሟታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ታየኛለች ግን አታውቀኝም። የስኳር ክኒኗን በባዶ ሆድ ውጣ ስኳሯ ወርዶ ነው። ሐጃ ጋ በግንቡ ዘልዬ ጥቂት ስኳር ለመንኩ፣ በውሃ በጥብጬ ድዷ ላይ ቀባሁላት። ነቃች። የመጀመሪያ ቃሏ «ስንት ሰዓት ነው?» ነው። ዘጠኝ አልሞላም ነበር። ልመታት ምንም አልቀረኝም።

እንደ ነርስ ልናገር። ክኒኑን ብሰጣት ያለ ምግብ ይጥላታል። ባልሰጣት ስኳሩ ይወጣና ቀስ ብሎ ይበላታል። መለኪያው የሚሠራበት ወረቀት አልቋል፣ የማየው ዓይኗንና ምላሷን ነው። ጠዋት ትንሽ፣ ቀትር ትንሽ፣ ማታ ትንሽ ብትቀምስ፣ ወተት ብታገኝ፣ እንቁላል ብታገኝ ትቆይልኝ ነበር። ይሄን እንደ መምህር ቆሜ አስረዳኋት።

«በሽተኛ አይጾምም!» አልኳት መጨረሻ ላይ እየጮህኩ።

«ማን አለ?»

«ቤተ ክርስቲያን!»

«ቤተ ክርስቲያን አንቺ ነሽ? የሚፈታው ካህን ነው። ካህን አምጪልኝና ልብላ።»

ሐጃ ሳዕዲያም ገብታ ተቆጣቻት። «እኛ ጋ ቁርአኑ ራሱ በሽተኛውን ይተወዋል፣ ያ የሺ። የናንተ ጌታ ከኛ ይከብዳል እንዴ?»

«አንድ ነው ሐጃ። እኛ ጋ ግን በረኛ አለው» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ካህን አምጪ አለችኝ አይደል? አመጣለሁ አልኩ። ለእናቴ መልእክት ላክሁ፣ እናቴ ጎንደር ለአንዲት ሴት፣ ሴትየዋ ገዳሪፍ ላለ ወንድሟ። በየሁለት ቀኑ ገበያ እየተመላለስኩ መልስ እጠብቃለሁ። በዚህ መሀል ተኪያው እየሳሳ ሄደ፤ ወጣቶቹ እህል የሚያመጡበት መንገድ ተዘጋ። ከዚያ የአባ ተስፋ ድምፅ ስልኬ ላይ ገባ። እዛው ገበያው ውስጥ ቆሜ ሰማሁት። አገኘሁልሽ! አገኘሁልሽ እያልኩ ነው የተመለስኩት።

መንገድ ላይ ኬላ አለ። አንድ ታጣቂ ስልኬን ተቀበለኝ፣ ሁሉንም ይከፍታሉ። ድምፁን ነካው። የአባ ተስፋ የሽማግሌ ድምፅ መንገዱ ላይ ወጣ።

«ማነው ይሄ?» አለኝ በዐረብኛ።

«ሼኽ ነው። የኛ ሼኽ።»

«ምን ይላል?»

«አንዲት የታመመች አሮጊት ጾም ትተሽ ብዪ ይላታል።»

ስልኩን መለሰልኝና ሳቀ፣ ክፉ ሳቅም አልነበረም። «ምኑን?» አለኝ።

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ያላ ሂጂ አለኝ፣ ሄድኩ።

ቤት ስገባ ከቀትር በፊት ነው። እትዬ የሺ ተጋድማ ነበር። «ተነሺ፣ ካህን አምጥቼልሻለሁ» አልኳት። የምቀልድ መሰላት። ስልኩን ጆሮዋ ጋ አድርጌ ለቀቅኩት።

«ወለተ ሐና፣ ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ?»

ወለተ ሐና። ከተወለድኩ ጀምሮ አብሬያት ኖሬ ክርስትና ስሟን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሲጠራት ተነስታ ተቀመጠች። ማንም ሳያግዛት። ነጠላዋን ፈልጋ ራሷ ላይ ጣል አደረገች፣ ሽማግሌው በር ላይ እንደቆመ ሁሉ።

«ልጅቷ ሁሉንም ነግራኛለች። በሽተኛን ጾም አይዘውም፣ ልጄ። ያገኘሽውን ብዪ። ጠዋትም ቢሆን፣ ወተትም ቢሆን፣ እንቁላልም ቢሆን። እኔ ፈትቼሻለሁ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ። ልጅቷን ስሚያት፤ አፏ ክፉ ነው እንጂ ልቧ ደህና ነው።»

«ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። ስልኩን ሳመችው፣ ግንባሯን አስነካችው፣ አሁንም ሳመችው። እንባዋ ስክሪኑ ላይ ወረደ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው። እጇን በማሰሮው ውሃ ታጠበች። እግሯን አጣጥፋ ተመቻችታ ተቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«በይ እንግዲህ አምጪያ» አለች።

ወደ እህል ከረጢቱ ዞርኩ።

ምንም የለም። ተኪያው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አላበሰለም። ወተት ካየን ዓመት ሊሆነን ነው። እንቁላል የሚባል ነገር የት አለ? ከረጢቱ ታች አንድ ጭብጥ የማትሞላ ማሽላ ነበረች፣ ያልተቀቀለች፣ ለማታ ብዬ የያዝኳት፤ ከሰሉም አልቋል። እኔ ይሄን ሁሉ ቀን የተሟገትኩት ፈቃድ ለማምጣት ነበር። ፈቃዱን አመጣሁ።

ፊቴን አየች። ገባት። ሰው እንደዚህ ሲገባው አይቼ አላውቅም፣ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ መጀመሪያ ዓይኗ፣ ከዚያ ከንፈሯ፣ ከዚያ ትከሻዋ።

«ራበኝ» አለች።

ድፍን ዓመት ይህን ቃል ከአፏ አልሰማሁም። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም፣ የሕፃን ነው። «ራበኝ፣ ልጄ» አለች ደግማ፣ ሆዷን ይዛ።

ወጣሁ። ሐጃ ሳዕዲያ ጋ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀችኝም። ለማታ ማፍጠሪያ ያስቀመጠችውን ጥቁሩን የረመዷን መጠጥ፣ ከማሽላ የሚሠራውን ሑሉ ሙር፣ በኩባያ ይዛ፣ ሁለት ቴምር መዳፏ ውስጥ ጨብጣ መጣች። ከንፈሯ በጾም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እትዬ የሺን ደገፍ አድርጋ በገዛ እጇ አጠጣቻት።

እትዬ የሺ ጠጣች። አንዷን ቴምር አኘከች። ከዚያ ሐጃን አየቻት።

«አንቺስ?»

«እኔማ ጾመኛ ነኝ» አለች ሐጃ።

«አንቺ ታድለሽ» አለቻት እትዬ የሺ።

ሐጃ ወደ እኔ ዞረች፣ ምን ማለቷ ነው በሚል ዓይን። እኔ ገብቶኛል፣ ለዛ ነው ወደ ግድግዳው የዞርኩት። ሐጃ የማታ እራቷን ሰጥታም ጾመኛ ናት። ሐጃም፣ ጋይንት ያለችው እህቷም፣ አገሩ በሞላ ጾመኛ ነው። እሷ ብቻ የተራበች ሴት ሆና ቀረች። ያደረግኳት እኔ ነኝ፤ ድጋሚ ቢሆንም ግን ያንኑ አደርግ ነበር። ሌላ ምን ነበር የማደርገው?

ሐጃ ወጣች። እትዬ የሺ ፊቷን አዙራ ተኛች። ተኝታለች ብዬ ማሽላዋን እየለቀምኩ ሳለ ጠራችኝ።

«ነይማ። ያን የአባን ድምፅ አንዴ አሰሚኝ።»

አሰማኋት። መሀል ላይ እጇን አነሳች።

«እዛ ጋ። ምን አሉ?»

«ያገኘሽውን ብዪ።»

«ያገኘሽውን» አለች። ጣሪያውን አየች። ከዚያ ያ ተንኮሏ፣ ስታማ የምታወጣው ፊት፣ ትንሽ ትንሽ ተመለሰ። «ያላገኘሁትንስ?»

«ያላገኘሽውን ምን?»

«ያላገኘሁትን አልፈቱብኝማ! ያገኘሽውን ነው ያሉት። ሲመጣ እበላለሁ፣ ጠዋትም ቢሆን፣ የካህን ቃል ነው። ያልመጣው ግን አሁንም ጾሜ ነው።»

ልከራከራት ነበር። ፊቷን ሳይ ማሽላዬን ወደ መልቀም ተመለስኩ።

ቃሏን ጠበቀች፤ ጠዋት በሊላ የሚሉትን ንፍሮ ካገኘሁ ጠዋት በላች፣ አንድ ቀን ከየት እንደመጣ የማላውቀውን የቆርቆሮ ሣርዲን እንኳ፣ በጾም፣ እያማተበች በላችው። ባላገኘሁ ቀን «ዛሬ ከሰው ጋር ነኝ» ትለኛለች፣ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ተጋድማ ወደ ምሥራቅ ትዞራለች። ያገኘሁባቸው ቀኖች ካላገኘሁባቸው ያንሱ ነበር። እየቀለለች ሄደች፤ ሳዞራት ነጠላ እንጂ ሰው የማዞር አይመስለኝም።

ሆሳዕና ሳይደርስ አንድ ጠዋት ዓይኗ እንደፈዘዘ አየሁ። ቤት ውስጥ ከውሃ በቀር ምንም አልነበረም። እሷም ታውቃለች። ግን ነርስ ነኝ፣ ሌላ የምለው ስለሌለኝ ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ ምን ላምጣልሽ?»

«ምንም» አለችኝ። «ጾመኛ ነኝ።»

እጇን ይዤ ቁጭ አልኩ። የግንቡ ጥላ ወደ በሩ እየቀረበ ሲመጣ በዓይኗ ትከተለው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አረፈች።